ያለአግባብ የተሰናበተ ሠራተኛና «ለምን ለቀቁ?» የሚለው ጥያቄ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን ለሥራ ፈላጊዎች የሚሰጡ ምክሮችን አዘውትሬ እከታተላለሁ። ሲቪ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ በቃለ መጠይቅ ወቅት ምን መልበስና እንዴት መናገር እንደሚገባ ብዙ ተብሏል። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ያለ በቂ ምክንያት ተባርሮ አዲስ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ምክር ግን ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስለ ቀድሞ አሠሪህ ክፉ አትናገር» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ለዚህ ሰው እምብዛም አይፈይድለትም፤ ምክንያቱም እሱን የሚያስጨንቀው «ለምን ለቀቁ?» ተብሎ ፊት ለፊት ሲጠየቅ እውነቱንም ተናግሮ ሥራውንም ሳያጣ እንዴት ሊወጣ እንደሚችል ነው።

በግል ድርጅቶች የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ረዘም ላለ ጊዜ የሠራሁ በመሆኔ ይህን ጥያቄ ለብዙ አመልካቾች አቅርቤአለሁ፤ መልሳቸውንም አድምጫለሁ። በመልሳቸው መካከል ልዩነት ሲያመጣ ያየሁት የአንደበት ቅልጥፍና አይደለም። አመልካቹ በስንብቱ ሰሞን ምን ፈረመ፣ ምንስ አልፈርምም አለ፣ የትኛውን ወረቀት ተቀብሎ ወጣ፣ የትኛውን ተናዶ ጥሎ ሄደ የሚለው ነው ልዩነቱን የሚፈጥረው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ስለ ቃለ መጠይቁ ከመናገሬ በፊት ወደ ስንብቱ ቀን መመለስ ግድ ይሆንብኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 የሥራ ውል በአሠሪው ሊቋረጥ የሚችለው ከሠራተኛው ጠባይ ወይም ከሥራ ችሎታው፣ አለዚያም ከድርጅቱ አቋም ወይም የሥራ እንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ምክንያት ሲኖር ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ወይም በክስ ተካፋይ መሆን፣ እንዲሁም ብሔር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝናና የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ እንደማይችሉ በዚሁ አንቀጽ ተዘርዝሯል። አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ከሆነም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ይህን መብቱንም ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል። የተሰናበተ ሁሉ ያለአግባብ ተሰናበተ ማለት አይደለም፤ ያልወደድነው ስንብት ሁሉ ሕገ ወጥ አይደለምና። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሁኔታም የተለየ ነው፤ የሥራ መሪ የሚባሉ ኃላፊዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። እነዚህን ልዩነቶች ሳያጣሩ «ያለአግባብ ተባርሬአለሁ» ማለት በቃለ መጠይቅም በፍርድ ቤትም አያስኬድም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙዎችን የሚጎዳው ግን የሕግ አለማወቅ ሳይሆን አንድ በጣም የተለመደ አሠራር ነው። ሠራተኛው ወደ ቢሮ ይጠራና በር ተዘግቶ እንዲህ ይባላል፦ «የስንብት ደብዳቤ ከተጻፈብህ የትም አትቀጠርም። ራስህን አትጉዳ፤ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ ብለህ ጻፍ፣ እኛም ጥሩ የሥራ ልምድ እንጽፍልሃለን።» የደነገጠ ሰው፣ በተለይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ከሆነ፣ ይህ እንደ ርኅራኄ ስለሚታየው ይፈርማል። በዚያች ፊርማ የተነሣ ስንብቱ የአሠሪው ውሳኔ መሆኑ ቀርቶ የሠራተኛው ፈቃድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ መከራከር ቢቻልም የማስረዳቱ ሸክም በራሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ከእሱና ከአለቃው በቀር ምስክር አልነበረም። አዋጁ በአንቀጽ 43 ውሉ ከሕግ ውጭ የተቋረጠበት ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ወይም አማካይ የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ ካሣ እንዲከፈለውና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዙም እንዲታከልበት የሚያስችል መብት ሰጥቶታል። ይህን ሁሉ አሳልፎ የሰጠው «ጥሩ የሥራ ልምድ» አገኛለሁ ብሎ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን ቀድሞውንም በአንቀጽ 12 መሠረት አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጠው የሚገደድበት ወረቀት ነበር። የገዛ ንብረቱን መልሶ ገዛ ማለት ነው፤ ያውም በውድ ዋጋ።

ይህ ፊርማ በአዲሱ ሥራ ፍለጋ ላይ የሚያስከትለው መዘዝ ደግሞ ሲፈርም ያልታየው ነገር ነው። «በፈቃዴ ለቀቅኩ» ያለ አመልካች ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ «ሌላ ሥራ ሳይዙ ለምን ለቀቁ?» የሚል ነው። አሳማኝ መልስ ለማግኘት ምክንያት መፍጠር ይጀምራል፤ የጤና ችግር፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የቤተሰብ ጉዳይ እያለ ይደረድራል። ጠያቂው በሌላ መንገድ የሚሰማው ታሪክ ከዚህ ጋር ካልገጠመ፣ ተበዳዩ ሰው በስንብቱ ምክንያት ሳይሆን በቃለ መጠይቁ ላይ በተናገረው ውሸት ከውድድር ይወጣል። እንዲህ የሆኑ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የተሰናበቱበትን ምክንያት በግልጽ ቢናገሩ ኖሮ እኔው ራሴ ያለማመንታት እንዲቀጠሩ አስተያየት እሰጥላቸው ነበር።

ከአሠሪው ጋር በስምምነት መለያየት ነውር አለው ማለቴ ግን አይደለም። አንቀጽ 25 አሠሪውና ሠራተኛው የሥራ ውሉን በስምምነት ማቋረጥ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ስምምነቱ ሠራተኛውን የሚያስገድደው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ እንደሆነም ይገልጻል፤ ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት እንደተወ የሚገልጽ ሐረግ ቢገባበት እንኳ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ መለያየቱ አይቀሬ ከሆነና ሠራተኛው መከራከር የማይፈልግ ከሆነ፣ ሊፈርም የሚገባው የመልቀቂያ ማመልከቻ ሳይሆን የጋራ ስምምነት ነው፤ በስምምነቱም ላይ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ቀንና የሥራ ልምድ ማስረጃው ይዘት ቢጠቀስ መልካም ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው በቀጣዩ ቃለ መጠይቅ «ውላችን በስምምነት ተቋርጧል» ቢል እውነት ተናግሯል፤ ማንም ደውሎ ቢያጣራም የተለየ ነገር አይሰማም።

ስለ ሥራ ልምድ ማስረጃው ራሱ ጥቂት ልጨምር። አዋጁ ማስረጃው እንዲይዝ የሚፈልገው ሠራተኛው ይሠራ የነበረውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ ነው። የተሰናበተበት ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ጉዳዩን ከዚህም በላይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 119 በማስረጃው ላይ ለሠራተኛው የማይበጅ ነገር እንዳይጻፍ የሚያሳስብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 166 ደግሞ ማስረጃው የተቀጠረበትንና የለቀቀበትን ቀን እንዲሁም የሥራውን ዓይነት ብቻ እንዲገልጽ፣ ስለ ሠራተኛው ጠባይና አፈጻጸም የሚሰጥ አስተያየት የሚካተተው ሠራተኛው ራሱ ከጠየቀ ብቻ እንዲሆን ይመክራል። የውሳኔ ሐሳብ እንደ ስምምነት የማስገደድ ኃይል እንደሌለው አውቃለሁ። ይሁንና አገራችን በዚያው ዓመት የወጣውን ከሥራ ማሰናበትን የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 158 በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 166 ደግሞ ለዚሁ ስምምነት ማሟያ የተዘጋጀ ሰነድ ነው። በሥራ ልምድ ወረቀት ግርጌ «በዲሲፕሊን ጉድለት የተሰናበተ» ብሎ የሚጽፍ የሰው ሀብት ክፍል ከየት ባገኘው ሥልጣን እንደሚጽፈው ለመረዳት ያስቸግረኛል። ሠራተኛውም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠው ዝም ብሎ ተቀብሎ ከመሄድ ይልቅ አንቀጹን ጠቅሶ በሕጉ መሠረት ተስተካክሎ እንዲሰጠው በጽሑፍ መጠየቅና የጥያቄውን ቅጂ ማስቀረት ይኖርበታል።

ክሊራንስ አልጨረስክም ተብሎ የሥራ ልምድ መከልከልም የተለመደ ነው። ሠራተኛው በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት ማስረከብ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ርክክቡ ቢዘገይ ሕጉ የሚያያይዘው ግን በአንቀጽ 36 ለሠራተኛው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈለው ከሚገባው ሒሳብ ጋር እንጂ ከማስረጃው ጋር አይደለም። ንብረቱን ሲያስረክብ የርክክብ ሰነድ አስፈርሞ የሚወጣ ሰው ይህን ሰበብ ከወዲሁ ይዘጋዋል።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር። ብዙ የተሰናበቱ ሠራተኞች እነዚህን ወራት የሚያሳልፉት ሲቪ በመበተን ነው፤ «መጀመሪያ ሥራ ልያዝ፣ ክሱ ይደርሳል» በሚል ስሌት። ሥራው በሦስት ወር ውስጥ ሳይገኝ ይቀርና ክሱም ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ «ያለአግባብ ተሰናብቼ ነበር» ለሚለው ቃል ደጋፊ የሚሆን አንዳችም ሰነድ አይኖርም። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ፣ የሥራ ክርክር ችሎት ውሳኔውን በ60 ቀናት ውስጥ እንዲሰጥ አዋጁ እንደሚያዝ ቢታወቅ ምናልባት ከሳሹ ይበዛ ነበር። መዝገብ የሚጓተትበት ጊዜ መኖሩን አልክድም፤ ቢሆንም የተከፈተ መዝገብ ከነመዝገብ ቁጥሩ በቃለ መጠይቅ ላይ ካልተከፈተ ክስ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። በሲቪ ላይ የስንብት ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም። ሲቪ የተሠራበትን ቦታ፣ የሥራ መደቡንና ጊዜውን የሚያሳይ ወረቀት እንደመሆኑ ስለ ስንብቱ አለመጻፍ መደበቅ አይባልም። ቀን ማዛባት ግን መደበቅ ነው፤ ክፍተቱን ለመሸፈን ጥቂት ወራት መጨመር ወይም ያን መሥሪያ ቤት ጨርሶ መሰረዝ ብዙ ዕድሜ የለውም፤ የጡረታ መዋጮ የተከፈለበት ጊዜ በመዝገብ ላይ ያለ ነገር ነውና። የቅጥር ቅጽ ላይ «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ ካለ «ውሉ በአሠሪው ውሳኔ የተቋረጠ» ብሎ መሙላት በቂ ነው። ቅጹ የፊርማ ቦታ አለው፤ በሐሰት ሞልቶ መፈረም ለአዲሱ አሠሪ እውነተኛ የማሰናበቻ ምክንያት ሰጥቶ ሥራ መጀመር ይሆናል።

በቃል ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሦስት ነገሮችን ቢይዝና በዚያው ቢቆም ይበቃል ባይ ነኝ። ለምሳሌ፦ «ውሌ በአሠሪው ውሳኔ ተቋርጧል። ምክንያቱ ተብሎ በደብዳቤ የተሰጠኝ ይህ ነው፤ በእሱ ባለመስማማቴ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቤአለሁ። በዚያ መሥሪያ ቤት በነበርኩበት ጊዜ የሠራሁት ደግሞ የሚከተለው ነው፤» ብሎ ወደ ሥራው መግባት ነው። ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ «ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ከሕግ ውጭ መሆኑን ወስኗል፤ የውሳኔው ቅጂ ይኸው» ማለት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። አመልካቹ የሚሳሳተው ጠያቂው ዳኛ እንዲሆንለት ሲፈልግ ነው። አለቃው ምን እንዳለው፣ ማን እንዳሳበቀበት፣ ለእሱ ቦታ ማን ዘመድ እንደተቀጠረ ሲዘረዝር ጠያቂው የሚያስበው ስለ ቀድሞው አለቃ ጥፋት አይደለም፤ ይህ ሰው እዚህ ቢቀጠርና ነገ ቢቀየም ስለ እኛም እንዲሁ ይናገራል እያለ ነው የሚያዳምጠው። በዚህ ላይ ጠያቂው እውነቱን የሚያጣራበት መንገድ የለውም። የበደል ስሜት ለመተንፈስ ይገፋፋል፤ ይህን በሚገባ እረዳለሁ፤ ነገር ግን ለዚያ የሚሆን ቦታ ክሱ የተጻፈበት ወረቀት ነው።

ክስ ሳያቀርብ ይርጋው ያለፈበት ሰው ምን ያድርግ የሚል ይኖራል። እሱ ሰነድ ባይኖረውም ሰው ሊኖረው ይችላል። አብሮት የሠራ የቅርብ ኃላፊ፣ በተለይም ከዚያ መሥሪያ ቤት በራሱ ምክንያት የለቀቀ፣ ወይም በሥራው አጋጣሚ የሚያውቀው የደንበኛ ድርጅት ሠራተኛ ምስክር ሊሆንለት ይችላል። ስሙን ከመስጠቱ በፊት ፈቃዱን መጠየቅና ምን ሊጠየቅ እንደሚችል መንገር የግድ ነው፤ ሳይነገረው ስልክ የተደወለበት ምስክር ሲንተባተብ መስማት አመልካቹን ይጎዳዋል።

ክሱ በሒደት ላይ ላለ አመልካች አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ «ቢፈረድልዎ ይመለሳሉ?» የሚል። ጠያቂው ይህን የሚለው በክፋት አይደለም፤ ሠራተኛ አሠልጥኖ በሁለተኛው ወር ማጣት ስለማይፈልግ ነው። መልሱ በክሱ ላይ ከተጠየቀው ዳኝነት ጋር መግጠም አለበት። ወደ ሥራ ለመመለስ የከሰሰ ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ «በፍጹም አልመለስም» ቢል ከሁለቱ በአንዱ ቦታ እውነት አልተናገረም ማለት ነው። ስለዚህ ክሱ ሲጻፍ፣ ከዚያ አሠሪ ጋር እንደገና መሥራት የማይታሰብ ከሆነ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት ወደ ሥራ መመለስ ሳይሆን ካሣ እንዲሆን ከጠበቃ ወይም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር መምከር ተገቢ ነው። ያኔ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አጭርና እውነት ይሆናል፤ «የጠየቅሁት ካሣ ነው፤ አልመለስም» ይላል።

እስካሁን የተናገርኩት ለአመልካቾች ነበር፤ የሙያ አጋሮቼን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን አድልዎ ይሆንብኛል። የአንድን አመልካች ስም አይቶ ለቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ስልክ መምታትና «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ በእኛ ዘንድ እንደ ጥንቃቄ የሚቆጠር ልማድ ነው። በስልክ የሚሰጠው መልስ ፊርማ የለውም፤ የሚናገረውም ሰው ብዙውን ጊዜ ሠራተኛውን ያሰናበተው ኃላፊ ራሱ ነው። ከሠራተኛው ጋር በፍርድ ቤት የሚከራከር ወገን ስለ ተከራካሪው መልካም ይናገራል ብሎ መጠበቅ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሆነ አይገባኝም። ተናጋሪውም ቢሆን ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 የሰውን ስም፣ ክብርና የወደፊት ዕድል አደጋ ላይ የሚጥል ንግግር በኃላፊነት እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። መጠየቅ አስፈላጊ ከሆነ አመልካቹ እንዲያውቀው አድርጎ፣ በጽሑፍ፣ ከሥራው ዓይነትና ከጊዜው ሳያልፉ መጠየቅ ይቻላል።

ለክስ መቆሙን የነገረን አመልካች ላይ «ተከራካሪ ነው» የሚል ምልክት ማድረግም ሌላው መጥፎ ልማዳችን ነው። በክስ መካፈል የስንብት ምክንያት እንዳይሆን ሕጉ የከለከለው በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ነው፤ ደጅ ላይ ቆሞ ለሚያመለክት ሰው ያ ጥበቃ አይደርስለትም። በመሆኑም ጉዳዩ በእኛ ሕሊናና በመሥሪያ ቤቶቻችን የቅጥር መመሪያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በመዝገብ የተከራከረ ሠራተኛ ቅሬታውን ከኮሪደር ሹክሹክታ ወደ ሕጋዊ መንገድ ያመጣ ሰው መሆኑን ቢያንስ ልናስተውል ይገባል።

የቅጥር ቅጾቻችንን የሚያዘጋጁ ክፍሎች «የለቀቁበት ምክንያት» የሚለውን ባለ አንድ መስመር ክፍት ቦታ እንዲያወጡት ሐሳብ አቀርባለሁ። በምትኩ «ከቀድሞ አሠሪዎ ጋር በአዲሱ ሥራዎ ላይ ተጽዕኖ ሊያሳድር የሚችል ያልተቋጨ ጉዳይ ካለ ይግለጹ» የሚል ጥያቄ ቢገባ፣ አሠሪው በእርግጥ ሊያውቀው የሚገባውን ያገኛል፤ አመልካቹም ስንብቱን በሁለት ቃል እንዲያጸድቅ ወይም እንዲዋሽ አይገደድም። ስሜ በዝግጅት ክፍሉ እንዲቆይልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ